«አሸናፊ» የተባለው ፋይል፦ አንድ ታክቲክ በ30 የውድድር ዓመት ሲፈተን

የእህቴ ልጅ ፋይሉን ያመጣው በፍላሽ ነው። ስሙን «አሸናፊ» ብሎታል። ፉትቦል ማናጀር 2024 በተባለው የኮምፒውተር ጨዋታ መጀመሪያ ማንቸስተር ሲቲን፣ ቀጥሎ አርሰናልን ይዞ በዚሁ ታክቲክ ዋንጫ እንዳነሳ ቡናው እስኪፈላ ድረስ ሲተርክልኝ ቆየ። «ጋሼ፣ የፈለግከውን ቡድን ስጠው፤ ታክቲኩ ራሱ ያሸንፍልሃል» አለኝ። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን በሙሉ የሰው ሂሳብ ሳመሳክር የኖርኩ ነኝ፤ ራሱ የሚያሸንፍ ነገር አለ ሲሉኝ ደረሰኙን ጠይቅ ጠይቅ ይለኛል። «እስቲ ለሉተን ስጠውና እንየው» አልኩት። በጥብስ ተወራረድን።

ሉተንን የመረጥኩት ለክፋት አይደለም፤ ማለቴ፣ ትንሽ ክፋት ነበረበት። ሉተን ታውን እስከ 2014 በእንግሊዝ አምስተኛ እርከን ሲጫወት የነበረ ክለብ ነው። ግንቦት 2023 ላይ ዌምብሌይ ውስጥ ኮቨንትሪን በፍጹም ቅጣት ምት 6 ለ 5 አሸንፎ ፕሪሚየር ሊግ ገባ፤ ከ1992 ወዲህ ወደ ከፍተኛው እርከን ሲመለስ የመጀመሪያው ነበር። ሜዳው ኬኒልዎርዝ ሮድ የሚይዘው 12 ሺህ ያህል ሰው ነው፤ በአንድ በኩል የእንግዳ ደጋፊ የሚገባው በሰፈር ቤቶች ስር፣ የሰው ጓሮ እያየ ነው። እንዲህ ያለ ክለብ በ2023/24 በሮብ ኤድዋርድስ እየተመራ 38 ጨዋታ ተጫውቶ 6 አሸነፈ፣ 8 አቻ ወጣ፣ 24 ተሸነፈ። 26 ነጥብ፣ 18ኛ ደረጃ፣ መውረድ። 52 አግብቶ 85 ገባበት። እነዚህን ቁጥሮች ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ እንመለስባቸዋለን።

ጨዋታውን ለማያውቅ ሰው ባጭሩ፦ ፉትቦል ማናጀር ላይ ኳስ የሚመታ ጣት የለም። ጨዋታውን የሚሠራው ስፖርትስ ኢንተራክቲቭ የተባለ የእንግሊዝ ድርጅት ነው። አንተ አሰልጣኝ ነህ። ተጫዋቾች በፍጥነት፣ በዝላይ፣ በውሳኔ፣ በመሳሰለው ከ1 እስከ 20 ነጥብ ተሰጥቷቸዋል። አንተ ፎርሜሽኑን፣ የእያንዳንዱን ሚና፣ የቡድኑን መመሪያ ትሰጣለህ፤ ከዚያ ኮምፒውተሩ ጨዋታውን ያጫውተዋል፤ አንተ ጥግ ላይ ቆመህ ታያለህ። ታክቲክህን እንደ ፋይል አውጥተህ ለጓደኛህ መስጠት ትችላለህ። የእኛም ጣጣ የጀመረው ከዚያ ነው።

«አሸናፊ» 4-2-3-1 ነው። ሜንታሊቲው (የቡድኑ አጠቃላይ ዝንባሌ) አጥቂ፣ የተከላካዩ መስመር ከፍ ያለ፣ ማለትም ከራሱ ግብ የራቀ፣ ፕሬሱ (ኳስ የያዘ ተጋጣሚ ላይ የሚደረገው ጫና) የማያባራ፣ ቅብብሉ አጭር፣ ፍጥነቱ ከፍተኛ። ኳስ ሲነጠቅ ወዲያው መልሶ መንጠቅ። ሲቲን ለያዘ ሰው ጥሩ ታክቲክ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ሲቲን ለያዘ ሰው የማይሠራ ታክቲክ ማግኘት ራሱ ችሎታ ይጠይቃል።

መጀመሪያ ልጁ ራሱ ተጫወተበት። በመጀመሪያው ሙከራ ሉተን 28 ነጥብ ይዞ ወረደ። «ተጫዋቾቹ ታክቲኩን ገና አልለመዱትም፤ አጥቂው ሞሪስም ሁለት ወር ተጎድቶብኝ ነበር» አለ። ሴቩን፣ ማለትም ያስቀመጠውን ጨዋታ፣ ከመጀመሪያው ጭኖ ደገመው። በሁለተኛው 40 ነጥብ፣ 13ኛ ደረጃ። ስክሪኑን ወደ እኔ አዙሮ «አየህ!» አለኝ። ላፕቶፑን ሊዘጋ ሲል እጁን ያዝኩት።

ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህች ላይ ነው። ሲሸነፍ ምክንያት ተገኝቶለት ተደገመ፤ ሲያሸንፍ ፈተናው አለቀ። በዚህ ዓይነት ማንኛውም ታክቲክ አሸናፊ ነው፤ ጥያቄው ስንት ጊዜ ትደግማለህ ብቻ ነው። መሥሪያ ቤት ውስጥ እንዲህ የሚያመሳክር ሰው ቢኖር፣ ማለትም ካዝናው ሲጎድል «እንደገና እንቁጠረው»፣ ሲሞላ «በቃ ፈርሙ» የሚል፣ ምን እንደምንለው እናውቃለን። ልጁ ግን አላታለለም። የሚያደርገውን ከልቡ ያምንበታል። አብዛኛው «ሊጉን የበላሁበት ታክቲክ» የሚባለው ነገር የሚወለደውም በዚሁ መንገድ ይመስለኛል።

አንድ የውድድር ዓመት ምን ያህል ይዋዥቃል?

ወደ እውነተኛው ሉተን እንመለስ። 38 ቁራጭ ወረቀት ወስደህ በ6ቱ ላይ «ድል»፣ በ8ቱ «አቻ»፣ በ24ቱ «ሽንፈት» ብለህ ጻፍና ከረጢት ውስጥ ጨምር። አንዱን አውጣ፣ መዝግብ፣ መልሰህ ክተት። እንዲህ 38 ጊዜ አውጣ። ቡድኑ ያው ነው፣ ችሎታው ያው ነው፤ ነጥቡ ግን በየዙሩ ይለያያል። ስሌቱን ብትሠራው አማካዩ 26 ሆኖ መዋዠቁ ወደላይም ወደታችም 6 ነጥብ ተኩል ያህል ነው። ከ3 ዙር በ2ቱ ገደማ ነጥቡ ከ20 እስከ 32 ባለው ውስጥ ይወድቃል፤ ከ5 ዙር በአንዱ ደግሞ 32 ወይም ከዚያ በላይ ይደርሳል።

32 የመረጥኩት ቁጥር አይደለም። በዚያው ዓመት 17ኛ ሆኖ የተረፈው ኖቲንግሃም ፎረስት የጨረሰው በ32 ነጥብ ነው፤ ያውም በፋይናንስ ደንብ ጥሰት 4 ነጥብ ተቀንሶበት። በሉተንና በፎረስት መካከል የነበረው የ6 ነጥብ ልዩነት ከአንድ ዓመት የዕድል መዋዠቅ ያንሳል ማለት ነው። በፈረንጅ ኅዳር 5 ቀን 2023 ሉተን ሊቨርፑልን ሊያሸንፍ ደቂቃዎች ቀርተውት ነበር፤ ታሂት ቾንግ አግብቶ፣ ሉዊስ ዲያዝ በጭማሪ ሰዓት 95ኛው ደቂቃ ላይ አቻ አደረገው። ከአንድ ወር በኋላ ደግሞ አርሰናል 4 ለ 3 ያሸነፋቸው በመጨረሻዋ ደቂቃ በገባች የዴክላን ራይስ ግንባር ኳስ ነው። እነዚህ ሁለቱ ጎሎች ባይገቡ ኖሮ 3 ነጥብ ይጨመርላቸው ነበር። በዚያ ምክንያት ግን የኤድዋርድስ ታክቲክ የተሻለ ይሆን ነበር?

ልጁ ላይ ስመለስ፦ 28ና 40። ልዩነቱ 12። ሁለት ዓመትን እርስ በርስ ስታነጻጽር መዋዠቁ ይደራረባል፤ ስለዚህ ያው ታክቲክ፣ ያው ቡድን ሆኖ በሁለት ሙከራ መካከል የ9 ነጥብ ልዩነት ቢመጣ ምንም አያስደንቅም፤ 12ም ቢመጣ ብርቅ አይደለም። ቁጥሮቹን በወረቀት ሳሳየው ዝም ብሎ ቆየና «ታዲያ ስንት ጊዜ እንሞክረው?» አለ። ትክክለኛው ጥያቄ ይህ ነበር። ስሌቱ የሚሰጠው መልስ በልዩነቱ መጠን ይወሰናል። ሁለት ታክቲክ በአማካይ በ8 ነጥብ የሚለያዩ ከሆነ በእያንዳንዱ 9 ወይም 10 ዓመት ማጫወት ይበቃል። ልዩነቱ 3 ነጥብ ከሆነ ግን በእያንዳንዱ ከ60 ዓመት በላይ ያስፈልጋል። «የቀኝ ክንፉን ሚና ቀየርኩና ቡድኑ ተቀየረ» የሚል ሰው ሲገጥመኝ አሁን የምጠይቀው ይህችን ብቻ ነው፦ ስንት ጊዜ?

ፈተናውን እንዴት አደረግነው

አዲስ ጌም ከፍተን የመጀመሪያውን የዝውውር መስኮት ዘጋነው፤ ማንም አይገዛ፣ ማንም አይሸጥ። አንድ ሊግ ብቻ ጫንን፤ ላፕቶፑ ያረጀ ነው፣ ብዙ ሊግ ሲጫንበት እንደ ሙቀጫ ይጮሃል። ታክቲኩን አስገብተን ሴቭ አደረግን። ከዚያ አሰልጣኙን እስከ ውድድር ዓመቱ መጨረሻ እረፍት ላክነው፤ አሁን ያለውን ታክቲክ ተጠቀም የሚለውን ምርጫ አብርተን። ረዳት አሰልጣኙ ቡድኑን ይመርጣል፣ ጨዋታው ራሱ ይሄዳል። አንድ ዓመት 40 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ሲያልቅ ነጥቡን፣ የገባውንና ያገባነውን፣ የሚጠበቀውን ጎል (ምን እንደሆነ ቆይቼ አስረዳለሁ) ኤክሴል ላይ ጽፈን ያንኑ ሴቭ እንደገና እንጭናለን። ጨዋታው ሲጫን ውጤቱን አይደግምም፤ ጉዳቱም፣ ካርዱም፣ ጎሉም አዲስ ነው።

በእረፍት ማጫወት ድክመት አለው። 70ኛ ደቂቃ ላይ እየመራህ አጥቂ አስወጥተህ ተከላካይ ማስገባት የለም። ልጁ በዚህ ተከራክሮኝ ነበር፤ «የኔ ችሎታ የት ገባ?» ብሎ። የምንፈትነው ግን እሱን አልነበረም። ፋይሉ ራሱ ያሸንፋል ያለው እሱ ነው፤ ራሱን እናየዋለን።

የመጀመሪያዋን ሙከራ ጣልናት፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። የክረምቱን መስኮት ዘግቼ የጥሩን ረሳሁት። ዓመቱ ሲያልቅ ቡድኑን ብናየው በእረፍት ላይ እያለን ሁለት ተከላካይ ተሽጦ፣ ስሙን ሰምተን የማናውቀው አጥቂ ተገዝቷል። ነጥቡም ጥሩ ነበር፤ ልጁ ሊመዘግባት ፈልጎ ነበር። ሰረዝናት። ከዚያ በኋላ የሚመጣ ጥያቄ ሁሉ ውድቅ እንዲደረግ፣ ግዢም እንዳይኖር አድርገን እንደገና ጀመርን።

የእኔ ታክቲክ፣ «ለ» እንበለው፣ አዲስ ነገር የለበትም። ሦስት መሃል ተከላካይ፣ በሁለቱ መስመር ተመላላሾች፣ በግራ አልፊ ዳውቲ በቀኝ ኢሳ ካቦሬ። መሃል ላይ ናካምባና ሎኮንጋ፣ ከፊታቸው ሮስ ባርክሌይ፣ ከላይ ካርልተን ሞሪስና ኤላይጃ አዴባዮ። ሜንታሊቲው ሚዛናዊ፣ የተከላካዩ መስመር ዝቅ ያለ፣ ፕሬሱ መሃል ሜዳ ላይ ብቻ። ኳስ ሲገኝ ቀጥታ ወደ ፊት፤ ከመስመር ቶሎ ተሻጋሪ ኳስ። አዴባዮ 1 ሜትር ከ93 ነው፤ እንዲህ ያለ ሰው ይዘህ በአጭር ቅብብል ሳጥን ውስጥ ልግባ ማለት ረጅሙን መሰላል ትተህ ግድግዳ እንደመቧጠጥ ነው። ኤድዋርድስም በእውነተኛው ሜዳ ያደረገው ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ ሦስት ተከላካይ፣ ቀጥተኛ ኳስ፣ ከመስመር መሻገር።

ውጤቱ

«አሸናፊ»፣ ማለትም «ሀ»፣ በመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት 27፣ 38፣ 22፣ 33፣ 30 ነጥብ አመጣ። «ለ» ደግሞ 41፣ 35፣ 29፣ 46፣ 39። አማካዩ 30 ለ 38። እኔ ጥብሱን ማሽተት ጀመርኩ። ልጁ ግን ወረቀቱን ስቦ በጣቱ ሁለት ቁጥር አሳየኝ፦ የእሱን 38 እና የእኔን 29። «እነዚህን ሁለቱን ብቻ ብንጫወት ኖሮ በ9 ነጥብ በልቼህ ነበር።» እውነት ነው። እንዲያውም የእሱ የመጀመሪያ ምሽት እንዲያ ነው የሆነው፤ ከ28 በኋላ 40 ሲመጣ እዚያው ላይ ቆመ። ይህን ራሱ ሲናገረው ጥብሱ ተረሳኝ።

በ5 ዓመት ስናሰላው የ8 ነጥቡ ልዩነት የስህተት ስፋት (በዕድል ብቻ ሊመጣ የሚችለው መዋዠቅ) 4 ነጥብ ያህል ነበር። ማለትም ልዩነቱ ከስህተቱ እጥፍ፤ የሚያሳምን ግን ደግሞ «ፈርሙ» የሚያሰኝ አይደለም። ሌላ አምስት አምስት ጨመርን። ሀ፦ 34፣ 25፣ 31፣ 29፣ 36። ለ፦ 33፣ 42፣ 37፣ 44፣ 29። የ10 ዓመት አማካይ 30.5 ለ 37.5። ልዩነቱ ወደ 7 ወረደ፤ የስህተቱ ስፋት ግን ወደ 2 ተኩል ጠበበ። አሁን የምር ልዩነት አለ ማለት ይቻላል። በ«ሀ» ሉተን ከ10 ዓመት 5 ጊዜ ወረደ፤ በ«ለ» 2 ጊዜ።

ሁለት ጊዜ። ይህንን ሳልሸፋፍን ልናገረው፤ የእኔም «የተሻለ» ታክቲክ ከ5 ዓመት በአንዱ ክለቡን ይዞት ይወርዳል። እውነተኛ አሰልጣኝ ብሆን ያቺ አንዷ ዓመት መጀመሪያ ብትደርሰኝ እባረር ነበር፤ ጥሩ መሥራቴን የሚያውቅ ሰውም አይኖርም ነበር፣ እኔንም ጨምሮ።

ጎሉ የት ሄደ?

ነጥብ ዘግይቶ የሚናገር ነገር ነው። ቶሎ የሚናገረው የሚጠበቀው ጎል ነው፤ እያንዳንዱ ሙከራ ከቦታውና ከሁኔታው ተነስቶ ጎል የመሆን ዕድሉ በቁጥር ይለካል፤ ለምሳሌ ፍጹም ቅጣት ምት ከ0.75 በላይ ነው፣ ከ25 ሜትር የሚመታ ኳስ ግን ከ0.05 የማይዘል። የጨዋታው የዳታ ክፍል ይህንን ለየቡድኑ ደምሮ ያወጣል። ከዓመት ዓመት የሚዋዥቀውም ከነጥብ ያነሰ ነው።

እኔ የጠበቅሁት «ለ» ብዙ ስለሚያገባ እንደሚበልጥ ነበር። ሁለት ቁመታም አጥቂ፣ ተሻጋሪ ኳስ፣ ሌላ ምን ይፈለጋል? ኤክሴሉ ሳቀብኝ። በማጥቃቱ ሁለቱም አንድ ናቸው፦ በጨዋታ 1.2 ገደማ። ልዩነቱ ሁሉ ያለው በኋላ በር ነው። በ«ሀ» ተጋጣሚ በጨዋታ 2.2፣ በ«ለ» 1.8።

0.4 ጎል በጨዋታ ትንሽ ይመስላል። ግን ቁጥሩን አስቡት። በጨዋታ በአማካይ 1.2 የሚያገባ፣ 2.2 የሚገባበት ቡድን በስሌት ከ5 ጨዋታ አንዱን ያሸንፋል፣ አንዱን አቻ ይወጣል፤ በ38 ጨዋታ 30 ነጥብ ይሆናል። የሚገባበትን ብቻ ወደ 1.8 አውርደው፤ ከ4 ጨዋታ አንዱን ማሸነፍ ይጀምራል፣ አቻውም ትንሽ ይጨምራል፤ ውጤቱ 38 ነጥብ ገደማ። አንድም ተጨማሪ ጎል ሳታገባ። እውነተኛው ሉተን 85 የገባበት በ38 ጨዋታ ነው፤ ያም በጨዋታ 2.2 ነው። የወረደው ጎል አጥቶ አልነበረም፤ 52 ማግባት ለታችኛው ሠፈር ትንሽ አይደለም።

ለምን እንደሆነ ለማየት አንድ ጨዋታ ብቻ በዓይናችን አየን፤ «ሀ»ን ይዘን ከማንቸስተር ሲቲ ጋር በኬኒልዎርዝ ሮድ። የቀኝ ተከላካያችን ፕሬስ ሊያደርግ የተጋጣሚው ሜዳ ውስጥ ገብቷል። ባርክሌይ አንድ እርምጃ ዘግይቶ ደረሰ። የእኛ መሃል ተከላካዮች የቆሙት የመሃል መስመሩን ሊረግጡ ምንም አልቀራቸውም፤ ከኋላቸው በረኛው ካሚንስኪ ብቻ፣ በመካከል ባዶ ሜዳ። አንድ ኳስ ከተከላካይ ጀርባ ተጣለ። የሲቲው አጥቂ ሃላንድ ሲነሳ ከተከላካያችን ሎክየር ጋር እኩል ነበር፤ ሳጥኑ ጋ ሲደርስ በሦስት ሜትር ቀድሞታል። ልጁ ወደ ላፕቶፑ ጎንበስ ብሎ «ሩጥ እንጂ!» አለው። አይሮጥም። ፍጥነቱ የተጻፈለት ቁጥር ነው፤ በጩኸት አይጨምርም።

የሲቲ ተከላካዮች ያንኑ መስመር ሲይዙ የሚያድናቸው ነገር አለ። ከፊታቸው ያለው ፕሬስ አይዘገይም፣ ስለዚህ ያ ኳስ አብዛኛውን ጊዜ ሳይጣል ይነጠቃል፤ ቢጣልም የሚያባርረው ሰው ፈጣን ነው። «አሸናፊ» ከሲቲ ወደ ሉተን ሲመጣ ፎርሜሽኑና መመሪያው መጣ እንጂ እነዚህ ሁለቱ አልመጡም። ሌላም በዓይን የማይታይ ነገር ነበረበት፤ ሜንታሊቲውን «አጥቂ» ስታደርገው ጨዋታው የተከላካዩን መስመርና ፍጥነቱን በራሱ ከፍ ያደርገዋል። ልጁ በዚያ ላይ «መስመሩን ከፍ አድርግ» የሚል መመሪያ ጨምሮበታል። ጨው በጨው ላይ።

ሦስተኛው ታክቲክ

እዚህ ላይ ልጁ በለጠኝ። እኔ «ለ» ተሻለ ብዬ ደብተሩን ልዘጋ ነበር። እሱ ግን «ጋሼ፣ አንተ እኮ ስምንት ነገር ባንዴ ነው የቀየርከው። ሦስት ተከላካይ ይሁን፣ ቀጥተኛ ኳስ ይሁን፣ መስመሩ ዝቅ ማለቱ ይሁን በምን አወቅህ?» አለኝ። የማመሳክረው እኔ፣ የተያዝኩትም እኔ።

ስለዚህ «ሐ» ተወለደ። «አሸናፊ» እንዳለ፣ 4-2-3-1፣ አጭር ቅብብል፣ ሁሉም እንደነበረ፤ ሜንታሊቲው ሚዛናዊ፣ መስመሩ ዝቅ። እነዚህ ሁለቱ ብቻ። ሁለቱን አንድ ላይ የቀየርነው አንደኛው ሌላኛውን ስለሚጎትት ነው፤ ለያይቶ መፈተን ሌላ 10 ዓመት ይጠይቅ ነበር፣ ላፕቶፑም እኛም ደክሞን ነበር። አሥሩን ዓመት በሦስት ምሽት ጨረስነው። አንድ ምሽት መብራት ሄዶ ባትሪው መጋቢት ወር ላይ ጥሎን ጠፋ፤ ያቺን ዓመት ከመጀመሪያው ደገምናት።

የ«ሐ» አማካይ 35 ሆነ። ከ«ሀ» በ4 ነጥብ ተኩል በላይ፣ ከ«ለ» በ2 ተኩል በታች። ለተጋጣሚ የሚሰጠው ዕድል ወደ 1.9 ወርዷል፤ የራሱ ማጥቃት ያው 1.2 አካባቢ ነው።

እኔ የኮራሁባቸው ነገሮች፣ ሦስቱ ተከላካዮች፣ ሁለቱ ቁመታም አጥቂዎች፣ ከመስመር ቶሎ የሚሻገረው ኳስ፣ ሁሉም ተደምረው የጨመሩት ቢበዛ 2 ነጥብ ተኩል ነው፤ እሷም ምናልባት ዕድል ናት። ከ«ሀ» ወደ «ለ» ከሄድነው መንገድ አብዛኛውን የሸፈኑት የልጁ ሁለት ማስተካከያዎች ናቸው። የአዴባዮ 1 ሜትር ከ93 እጄ ላይ ቀረ። ኮርነር ላይ ግን ይረባኛል ብዬ ነበር፤ የ2024ቱ እትም የቆመ ኳስ ክፍሉን እንደ አዲስ የሠራው ስለሆነ ረጃጅሞቹን ቅርብ ቋሚ ጋ ሰብስቤ ሁለት ዓመት ሞከርኩ፤ ጥሩ ጎሎች አየሁ፤ ሁለት ዓመት ግን ሁለት ዓመት ነው፣ አልመዘገብኩትም።

የጥብሱ ጉዳይ ክርክር አስነሳ። እኔ ከ«ሀ» ጋር ተወራርጄ በልጫለሁ። እሱ ደግሞ «ሐ» የእኔ ታክቲክ ናት፣ ፎርሜሽኗም ቅብብሏም የኔ ነው፣ አንተ ደግሞ በልጫለሁ ማለት አትችልም አለ። በራሴ ወረቀት ነው የያዘኝ፦ የ2 ነጥብ ተኩል ልዩነት የምር ይሁን የዕድል ለማወቅ በእያንዳንዱ 90 ዓመት ያህል ያስፈልጋል። አሥር አሥር አለን። የቀረው 160 ዓመት በ40 ደቂቃ ሲባዛ ከ106 ሰዓት በላይ ነው። ልጁ በጣቱ ምሽቶቹን መቁጠር ጀመረ፤ እናቱ ከማድ ቤት «ፈተናህ መቼ ነው የሚጀምረው?» ስትለው ቆጠራው ተቋረጠ።

ጥብሱን ግማሽ በግማሽ ከፈልን። ፍላሹን ሲነቅል ፋይሉን ስሙን ሲቀይረው አየሁ፤ «አሸናፊ»ን አጥፍቶ «ሉተን ሐ ዝቅ ያለ መስመር 10 ዓመት» ብሎ ጻፈ።